ውሃው ሳይመጣ መውጣት ለምን ከበደን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ባሕር ዳር ካለነው ብዙዎቻችን አንድ ጆሯችን ስልክ ላይ ነው። እኛ ከተማ ነን፤ ወገኖቻችን ግን ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም፣ ደንቢያ ናቸው። የእኔም የእናቴ ወገኖች ወረታ አካባቢ ናቸው። ዝናቡ ሲጠነክር እንደውላለን፤ "እንዴት ናችሁ? ውሃው እንዴት ነው?" እንላለን። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን፤ ምንም የለም።" አንዳንድ ዓመት እውነትም ምንም የለም። አንዳንድ ዓመት ደግሞ በማግስቱ ስልኩ አይነሣም።

ጎርፍ እንደሚመጣ እየታወቀ ሰው ለምን ቀድሞ አይወጣም? ከተማ ያለን ሰዎች ቶሎ የምንሰጠው መልስ "ግንዛቤ ስለሌለው ነው" የሚል ነው። ወላሂ ይህ መልስ ሰውየውን ይበድለዋል። ውሃውን ከኛ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። መውጣት ለምን እንደከበደው ሳንሰማ "ውጣ" ብንለው አይሰማንም፤ ቢሰማንም የሚሄድበት የለውም። በዚህ ጽሑፍ ያየሁትንና የሰማሁትን፣ ዲናችንም በጉዳዩ ላይ ምን እንደሚል በአቅሜ አቀርባለሁ።

*ስም የሌለው ጎርፍ*

አሜሪካ ወይም ባንግላዴሽ ላይ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲነሣ ስም ይወጣለታል። በሳተላይት ይታያል፤ የት እንደደረሰ በየሰዓቱ ይነገራል፤ ስንት ቀን እንደቀረው ይቆጠራል። የኛ ጎርፍ ስም የለውም፣ ቀኑንም አይናገርም።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንደ ሰፌድ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል። ሰፌድ ላይ ትንሽ ውሃ ብትጨምሩ በጠርዙ ይፈሳል። ከምሥራቅ ርብና ጉማራ፣ ከሰሜን መገጭ፣ ከደቡብ ግልገል ዓባይ ይገቡበታል። የተፈጥሮ መውጫው ግን አንድ ነው፤ እሱም እዚሁ ባሕር ዳር ላይ የሚወጣው ዓባይ።

ርብና ጉማራ የሚነሡት ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና ተራራ አካባቢ ነው። በደብረ ታቦር በኩል ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረ ዝናብ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ የፎገራ ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ሰው ሰማዩን አይቶ ይተኛል። ወንዙ ግን የሚሰማው ጉና ላይ የዘነበውን እንጂ ፎገራ ላይ የጠራውን አይደለም። ከላይ የታጠበው አፈር ደለል ሆኖ የወንዙን ሆድ ስለሚሞላው ወንዙ በየዓመቱ ከወሰኑ መውጣት ይቀለዋል። ሐይቁ ራሱ ሞልቶ ከሆነ ደግሞ ወንዙ የሚገባበት ያጣና ወደ ኋላ ተመልሶ ሜዳው ላይ ይተኛል።

ሌላም አለ። ሐይቁ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው ዝናቡ በበረታበት በሐምሌ ሳይሆን ዘግይቶ በመስከረም አካባቢ ነው። "ክረምቱ ወጣ፣ አደዩ ፈነዳ" ብለን የተዝናናን ጊዜ የጣና ዳር ሰው ገና አልወጣም። ስለዚህ ነሐሴን በሰላም ያለፈ ሰው "ዘንድሮ አለፈ" ብሎ ዕቃውን ከቆጥ ያወርዳል።

1998ን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ያ ክረምት ለአገሪቱ ሁሉ ከባድ ነበር። በሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ሞልቶ ሰው በተኛበት ከ200 በላይ ነፍስ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ደቡብ ኦሞ ላይ የኦሞ ወንዝ ወጥቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ወሰደ። እኛም ጋ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም፣ ደንቢያና ባሕር ዳር ዙሪያ በውሃ ተያዙ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በ2012 ክረምት መጨረሻ ደግሞ እነዚሁ አካባቢዎች እንደገና በውሃ ተዋጡ። ያን ጊዜ ኮሮና ነበር። በአንድ በኩል "ተራራቁ" ይባላል፤ በሌላ በኩል ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ ያድራል።

*"ለምን ቀድማችሁ አልወጣችሁም?"*

በ2012 ከመስጂዳችን ጀማዓ የተሰበሰበ ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስና ሳሙና ይዘን ወደ ወረታ ከሄዱት አንዱ ነበርኩ። ዕቃ ማደሉ ካለቀ በኋላ ከተፈናቀሉት አባቶችና እናቶች ጋር ተቀምጠን አወራን። ይህን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። መልሶቻቸውን ዛሬም አልረሳኋቸውም።

አንድ አባት እንዲህ አሉኝ፤ "ልጄ፣ ይህ ውሃ እኮ ጠላታችን ብቻ አይደለም። ያበላንም እሱ ነው።" እውነታቸውን ነው። ፎገራ ዛሬ በሩዝ የታወቀው ውሃው ስለሚተኛበት ነው። ጎርፉ ይዞት የሚመጣው አፈር መሬቱን ያለመልመዋል። ገበሬው ውሃው እንዲመጣ ይፈልጋል፤ እንዲበዛ ግን አይፈልግም። በሚፈለገውና በሚፈራው ውሃ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ክንድ ነው። ያንን አንድ ክንድ ማንም ቀድሞ ሊነግረው አይችልም። እኛ በስልክ "ውሃው መጥቷል፣ ውጡ" ስንለው እሱ "የመጣውማ በየዓመቱ የሚመጣው ነው" ይለናል።

ሌላው ከብት ነው። የፎገራ ላም በወተቷ በአገር የታወቀች ናት። በሬና ጥገት ያለው ሰው ባንኩ፣ ጡረታውና የልጁ መዳሪያ እዚያው በረቱ ውስጥ ቆሟል። ሰው ትምህርት ቤት ይጠለላል፤ በሬውስ የት ይጠለላል? ገለባው ከቤት ቀርቷል፤ ከፍ ያለው መሬት ላይ ያለው ሣር የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ሴቶችና ልጆች ይላካሉ፤ አባወራው ከከብቱ ጋር ይቀራል። ውሃው የሚያገኘውም እሱን ነው።

እህሉም አለ። ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ጎታ ከቤት አይወጣም፤ ውሃ ከነካው ሟሙቶ ይወርዳል። እህሉን ወደ ጆንያ ለመገልበጥ ጆንያ ያስፈልጋል፤ ለመሸከም ጉልበት፣ ለመጫን ጋሪ ወይም ታንኳ ያስፈልጋል። በነሐሴ ወር ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው እህል እስከ አዲሱ ምርት የሚያደርስ የመጨረሻው እህል ነው። እሱን ጥሎ መውጣት ማለት ከጎርፍ ወደ ረሀብ መሄድ ማለት ነው።

አንዲት እናት የነገሩኝ ግን ከሁሉም በላይ ከበደኝ። ልጃቸው አራስ ነበረች። "አራስ ይዤ ወንድ ከሴት ተደባልቆ የሚተኛበት አዳራሽ እንዴት ልግባ? መጸዳጃው አንድ፣ በሩ መዝጊያ የለው። እስኪ ትንሽ እንየው ብለን ቆየን፤ ስናየው እግራችን ድረስ ገባ" አሉኝ። እኚህን እናት "ግንዛቤ የላቸውም" የሚል ማን ነው? ክብራቸውን ነው ያሰቡት። ሽማግሌ እናቱን በአልጋ ላይ አድርጎ ከወንድሞቹ ጋር እስከ ደረቱ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ተሸክሞ ያወጣ ጎልማሳም አግኝቻለሁ። ከሦስት ቀን በፊት በጋሪ ሊያወጣቸው ይችል ነበር። ግን ከሦስት ቀን በፊት እናቱ "እኔ እዚሁ ልሙት፤ አታንገላቱኝ" ብለውት ነበር። ከሦስት ቀን በፊት እኮ መሬቱ ደረቅ ነበር።

ከዚያ ጉዞ አንድ ነገር ገባኝ። መውጣት የሚቻለው መውጣት አላስፈላጊ በሚመስልበት ሰዓት ነው። አስፈላጊነቱ ለሁሉም ግልጽ ሲሆን መንገዱ ተቆርጧል፣ ጋሪው አይሄድም፣ ታንኳ ያለው ሰው የራሱን ቤተሰብ እያወጣ ነው። ቀድሞ የወጣ ሰው ደግሞ ውሃው ሳይመጣ ከቀረ መሳቂያ ይሆናል። "ፈሪው መጣ" ይባላል። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይወጣም። ይህ መሳቅ የስንት ሰው ነፍስ እንደወሰደ አላህ ነው የሚያውቀው።

*"የተጻፈ አይቀርም" ለሚሉ*

ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ "ኡስታዝ፣ ቀደር ካለ ይደርሳል፤ ከጎርፍ መሸሽ የተወኩል ጉድለት አይደለም ወይ?" አንዳንዱ ደግሞ "በውሃ የሰመጠ ሸሂድ ነው ተብሎ የለም ወይ?" ይላል።

መጀመሪያ ስለ ሸሂድነቱ። አዎ፣ የሰመጠ ሰው የሸሂድ ምንዳ እንዳለው በሐዲስ መጥቷል። በዚያው ሐዲስ በወረርሽኝ የሞተም ሸሂድ ተብሏል። ነገር ግን ያው ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳንገባ ከልክለዋል። ምንዳው ሳይፈልገው ለደረሰበት ሰው ከአላህ የሆነ እዝነት ነው፤ ወደ ውሃው የመግቢያ ፈቃድ አይደለም። አላህ በሱረቱል በቀራ ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል አዞናል።

ስለ ቀደር ደግሞ የሰይዲና ዑመርን (ረ.ዐ) ታሪክ አስታውሱ። ወደ ሻም እየሄዱ ሳለ ሰርግ የሚባል ቦታ ሲደርሱ እዚያ ወረርሽኝ እንደገባ ተነገራቸው። ሰሓቦቹን አማከሩና ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። የዑመር መልስ ሐሳቡ ይህ ነው፦ ከአላህ ቀደር የምንሸሸው ወደ አላህ ቀደር ነው። ሁለት ዳርቻ ያለው ሸለቆ ምሳሌም ሰጡ፤ አንዱ ለምለም፣ አንዱ ደረቅ። ግመልህን ለምለሙ ላይ ብታሰማራም በቀደር ነው፤ ደረቁ ላይ ብታሰማራም በቀደር ነው። ታዲያ የትኛው ላይ ታሰማራለህ? ውሃ የሚተኛበት ሜዳና ከፍ ያለው የወረታ መሬት ሁለቱም የአላህ ቀደር ናቸው።

የነቢዩ ኑሕን (ዐ.ሰ) ታሪክ ሱረቱ ሁድ ላይ በደንብ አንብቡት። እኔ ስንት ጊዜ ቀርቼው በ2012 ከዚያ ጉዞ ከተመለስኩ በኋላ ሳነበው ሌላ ነገር ታየኝ። ኑሕ መርከቧን የሠሩት ውሃ በሌለበት ነው። የሕዝቡ ታላላቆች ባለፉ ቁጥር ይሳለቁባቸው ነበር። ቀድሞ የሚዘጋጅ ሰው መሳቂያ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። ልጃቸው ደግሞ ውሃው በመጣ ጊዜ ተራራ ላይ እወጣለሁ አለ። እንደ ሌለው ጊዜ ቢሆን ተራራ ጥሩ መጠጊያ ነው፤ እሱ የለመደውን ጎርፍ ነው ያሰበው። አላህ ደግሞ ከመርከቧ ላይ ሰዎችን ብቻ አላስጫነም፤ ከየእንስሳው ጥንድ እንዲጫን አዘዘ። ስለዚህ ከብቱን ጥሎ መውጣት የከበደውን ገበሬ አትናቁት። ከብቱን ያላሰበ የመውጣት ዕቅድ ጎደሎ ዕቅድ ነው።

*ከመስጂዱ ምን ይጠበቃል?*

አንድ ጊዜ ጀማዓችን ውስጥ "የመስጂድ ድምፅ ማጉያ ለጎርፍ ማስታወቂያ ይሁን ወይስ አይሁን?" የሚል ውይይት ተነሥቶ ነበር። የተቃወሙት ሰዎች ማስረጃ አላቸው፤ የጠፋ ዕቃ መስጂድ ውስጥ መጣራት በሐዲስ ተከልክሏል። መስጂድ ለዒባዳ ነው ይላሉ። ነገሩን በቀላሉ ልናጣጥለው አይገባም።

ግን ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ዑለማዎቻችን በፊቅህ ኪታቦች እንዳስቀመጡት፣ ሶላት ላይ ያለ ሰው አንድ ሰው ሲሰምጥ ካየና ማዳን ከቻለ ሶላቱን አቋርጦ ማዳን ግዴታው ነው። ለሚሰምጥ ሰው ሶላት የሚቋረጥ ከሆነ ድምፅ ማጉያ እንዴት ይከለከላል? የጠፋ ዕቃ ንብረት ነው፤ ይህ ግን ነፍስ ነው። ሸሪዓችን ከሚጠብቃቸው አምስት ነገሮች ውስጥ ነፍስ ከንብረት ይቀድማል። ሁለተኛ፣ አዛን ራሱ የአየር ሁኔታን ያውቃል። በአንድ ዝናባማ የጁሙዓ ቀን ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሙአዚናቸውን ወደ ሶላት ኑ የሚለውን ጥሪ ትቶ ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ እንዲጠራ አዘዙት። ሰዎቹ ሲገረሙ ከእሳቸው የሚበልጡት ነብይ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳደረጉት ነገሯቸው፤ ሰውን በጭቃ ውስጥ ማስኬድ እንዳልወደዱም ገለጹ። እንግዲህ ሰው ጭቃ እንዳይረግጥ አዛን ከተለወጠ፣ ሰው ውሃ እንዳይበላው ማይክ ማንሣት ምን ያስቸግራል?

በዚህ ጉዳይ ወንድሞቻችን የባንግላዴሽ ሙስሊሞች ከኛ ርቀው ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ቦላ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታቸው ቢያንስ 300,000 ሰው አለቀ። ማስጠንቀቂያ በመጠኑ ነበር፤ ወደ መንደሩ ግን አልደረሰም፤ የደረሰውም መሄጃ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ተደራጁ። ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ በእጅ ድምፅ ማጉያ እየዞሩ ይናገራሉ፣ የመስጂዶች ማይክም ያስተጋባል። ከፍ ያሉ የኮንክሪት መጠለያዎች ተሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 እንደገና ከ130,000 በላይ ሰው ሲሞት ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ስለዚህ ለሴቶች የተለየ ክፍልና መጸዳጃ ታሰበ፤ ሴት በጎ ፈቃደኞችም በዙ። ለከብቶች ደግሞ አፈር ተከምሮ ከፍ ያለ ጉብታ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2020 አምፋን የተባለው ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ወጣ፤ በባንግላዴሽ የሞቱት በአስሮች የሚቆጠሩ ብቻ ነበሩ። ሱብሐነላህ! ባሕሩ ያው ባሕር ነው፤ ድህነቱም ገና አልጠፋም። የተለወጠው ዝግጅቱ ነው።

ሀብታሞቹም ከዚህ ችግር አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ሲመታ ከተማዋ እንድትለቀቅ ታዞ ነበር፤ መኪና የሌለው ድሃ ግን ቀረ። ውሻና ድመታቸውን ጥለው መውጣት አቅቷቸው የቀሩም ነበሩ። በማግስቱ ዓመት አሜሪካ የመውጣት ዕቅዶች የቤት እንስሳትን እንዲያካትቱ ሕግ አወጣች። የፎገራ አባት "በሬዬስ?" ያሉት ጥያቄ የኋላ ቀርነት ጥያቄ አለመሆኑን ከዚህ እዩ። ሊቢያ ደርና ላይ ደግሞ በጳጉሜን 5 ለ6 ሌሊት 2015፣ እኛ ለአዲሱ ዓመት ስንዘጋጅ፣ ከከተማዋ በላይ ያሉ ሁለት ግድቦች ተደርምሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በተኙበት ተወሰዱ። አላህ ይዘንላቸው።

*ምን እናድርግ?*

ከዚህ በታች የምዘረዝረው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም።

1. የላይኛው ለታችኛው ይደውል። ደብረ ታቦርም ወረታም መስጂድ አለ፤ ስልክም አለ። ጉና በኩል ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ከዘነበ የላይኛው ሰው ለታችኛው ቢደውል ውሃው እስኪወርድ ድረስ ያሉት ሰዓታት ሕይወት ያድናሉ። ማን ለማን እንደሚደውል፣ የመጀመሪያው ስልክ ካልሠራ ሁለተኛው ማን እንደሆነ በሰኔ ተጽፎ ይቀመጥ።

2. ዝርዝር ይኑር። በየመንደሩ አራስ፣ ነፍሰ ጡር፣ አልጋ ላይ ያለ አዛውንት፣ ማየት ወይም መራመድ የማይችል ሰው ያለበት ቤት ይታወቅ። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ጎረምሳ ይመደብ። የሚመደቡትም "ማን ነው ሙስሊም?" ሳይባል ነው። ፎገራ ላይ ጎረቤታችን ክርስቲያን ነው፤ ውሃው ሃይማኖት አይለይም። የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የመስጂዱ ማይክ በአንድ ምልክት ቢስማሙ፣ ቀበሌውም እድሩም ቢያውቀው፣ ማንም "አልሰማሁም" አይልም።

3. ለእናቶች ክብር ያለው ቦታ ይዘጋጅ። ከፍ ያለ መሬት ላይ ያለ መስጂድ ወይም መድረሳ ካለ የሴቶቹ ክፍል አስቀድሞ ይጽዳ፤ መጋረጃና የሚዘጋ መጸዳጃ ይኑረው። እህቶቼ፣ ይህ የናንተ ሥራ ነው፤ ወንዶች ቢያስቡትም አያውቁትም።

4. እህልና ከብት ቀድመው ይውጡ። ከፍ ባለው መሬት ካለ ዘመድ ጋር በሰኔ ውል ይደረግ፤ ግማሹ እህል እዚያ ይቀመጥ፣ የተወሰነ ድርቆሽ ይከመር። ወጣቶች ጆንያ፣ ፕላስቲክና ገመድ ሰደቃ ብትሰበስቡ ከጎርፍ በኋላ ከምትሰጡት ብርድ ልብስ አይተናነስም። ወረቀትም አይረሳ፤ የመሬት ደብተር፣ መታወቂያ፣ የልጆች ክትባት ካርድ በፌስታል ተጠቅልሎ አንድ ቦታ ይቀመጥ።

5. ወሬ ይጣራ። በየክረምቱ የሌላ አገር ጎርፍ "ፎገራ ዛሬ" ተብሎ ሲሰራጭ እናያለን። ሱረቱል ሑጁራት ላይ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ታዘናል። የውሸት ማስጠንቀቂያ ያስተላለፈ ሰው የሚቀጥለውን እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ገድሎታል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ትንበያ ተከታተሉ፤ ለገጠር ዘመዶቻችሁም በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው።

6. የወጣ አይሳቅበት። ወጥቶ ውሃው ያልመጣበትን ሰው "አልሐምዱሊላህ፣ አላህ አዳነን" እንበለው። ግመሉን አስሮ ሌባ ያልመጣበት ሰው ገመዱን አይረግምም።

ስለ ራሳችን ከተማም አንድ ነገር ልበል። እዚሁ ባሕር ዳር ከማንም በላይ ለውሃው የቀረቡት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ናቸው። ከደንገል ታንኳ መሥራትን ያቆዩልን እነሱ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሙስሊሞች ናቸው። ለረጅም ዘመን በንቀት ዓይን ሲታዩ ኖረዋል፤ ከሚንቋቸውም መካከል እኛው ሶፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ የምንቆመው አለንበት። ሐይቁ ሲሞላ መጀመሪያ የሚረጥበው ምንጣፍ የእነሱ ነው። ሐይቁን የሚያውቀው፣ በታንኳ ሰው ማውጣት የሚችለውም እነሱ ናቸው። የመስጂድ ኮሚቴ ስለ ጎርፍ ሲቀመጥ እነሱን ለእርዳታ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን ለምክክሩ ይጥራ።

ውሃው ከሸሸ በኋላም ሥራው አላለቀም። የተኛ ውሃ ወባ ያመጣል፤ የተበከለ ጉድጓድ አተት ያመጣል። አጎበርና ንጹሕ ውሃ የሚያስፈልገው ካሜራው ከሄደ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ሰደቃውን በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሶ በሁለተኛው ወር ይረሳል። ጥቂቶቻችሁ የሁለተኛው ወር ሰዎች ሁኑ።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዝናቡ በበዛ ጊዜ ዱዓ ሲያደርጉ ዝናቡ ይቁም አላሉም። በኮረብታው፣ በሸለቆውና ዛፍ በሚበቅልበት ላይ እንዲሆን፣ በሰው ላይ እንዳይሆን ነው የለመኑት። ያ ዱዓ ዝናቡን ረሕመት መሆኑን ሳይክድ ከጉዳቱ ጥበቃ ይጠይቃል። ለፎገራ ገበሬም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ውሃው እንዲቀርበት ሳይሆን ውሃው ሲመጣ እሱ ከፍ ያለው መሬት ላይ እንዲገኝ።

አላህ ወገኖቻችንን ይጠብቅልን፤ የሞቱትን ይማርልን፤ የሚደርሰውን ምክር የሚሰማ ጆሮ፣ የሚመክረውንም የሚሸከም ትከሻ ይስጠን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።